ከጠራ ሰማይ የሚገኝ ብርድ

በደጋው አገራችን ሰማዩ ጠርቶ ባደረበት ሌሊት ሰብሉን ውርጭ እንደሚመታው፣ ደመና በሸፈነው ሌሊት ግን እንደማይመታው ገበሬ ሁሉ ያውቃል። የሳይንስ ሊቃውንት ግን ምክንያቱን እስኪያገኙ ድረስ ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል። የዚህች አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይኸው ዕውቀት ከሕንድ የበረዶ ጉድጓድ ተነሥቶ እስከ ዛሬው የሕንፃ ማቀዝቀዣ የመጣበትን መንገድ ማሳየት ነው።

ሰር ሮበርት ባርከር የተባሉ እንግሊዛዊ የጦር መኰንን እ.ኤ.አ. በ1775 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በአላሃባድና በሌሎችም ስፍራዎች ሕንዶች በረዶ የሚያበጁበትን ዘዴ ገልጸዋል። ሠራተኞቹ 2 ጫማ ያህል የጠለቀ ሰፊ ጉድጓድ ቆፍረው የደረቀ የሸንኮራ ወይም የበቆሎ አገዳ ያነጥፉበታል፤ በላዩም ሲመሽ ውሃ የተሞሉ ዝርግ የሸክላ ሳህኖች ይደረድራሉ። ፀሐይ ሳትወጣም በረዶውን ይሰበስባሉ።

በዚያን ዘመን ብዙዎች ብርዱ ከውሃው ትነት የመጣ ነው ይሉ ነበር። ዶክተር ዊልያም ቻርልስ ዌልስ ግን እ.ኤ.አ. በ1814 ስለ ጤዛ በጻፉት መጽሐፍ ይህን ተቃወሙ። ነገሩ በትነት ቢሆን ኖሮ ነፋስ በረዳው፣ የረጠበ ንጣፍም ባልጎዳው ነበር፤ ሠራተኞቹ የሚሹት ግን ጸጥ ያለ ሌሊትና ደረቅ አገዳ ነበር። ስለዚህ ውሃው ሙቀቱን በጨረር ወደ ሰማይ ይሰድዳል፤ አገዳውም ከመሬት የሚመጣውን ሙቀት ይከለክላል። የሊቃውንቱን ስሕተት ያረመው የሠራተኞቹ ልማድ መሆኑን ልብ ይሏል።

ይህ ዘዴ ለሌሊት እንጂ ለቀን አልሆነም፤ የፀሐይ ሙቀት ያሸንፈዋልና። እ.ኤ.አ. በ2014 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አስዋት ራማንና ጓደኞቻቸው ከፀሐይ ብርሃን ከመቶ 97 እጅ የሚመልስ፣ ሙቀቱን ግን አየር በሚያሳልፈው ከ8 እስከ 13 ማይክሮሜትር ባለው ጨረር የሚያወጣ ስስ ንጣፍ ሠሩ። ንጣፉም በቀትር ፀሐይ ከአካባቢው አየር በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ቀዘቀዘ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በዚህ ዓይነት ንጣፍ ሥር ውሃ አሳልፈው አቀዘቀዙ፤ ውሃው የማቀዝቀዣ መኪናን ቢያግዝ በላስ ቬጋስ የሚገኝ አንድ የቢሮ ሕንፃ በበጋ ለማቀዝቀዣ ከሚያወጣው ኤሌክትሪክ ከመቶ 21 እጅ እንደሚቆጥብ በስሌት አሳዩ።

እርግጥ ነው፣ ደመናና እርጥበት ይህን ኃይል ያዳክሙታል፤ ከአንድ ካሬ ሜትር የሚገኘውም ጥቂት ነው። ስለዚህ መኪናውን ይረዳዋል እንጂ አይተካውም። ለእኛ ለተማሪዎች ግን ታሪኩ አንድ ትምህርት ይሰጠናል፤ ይኸውም የአንድን ነገር ምክንያት ከመናገር በፊት፣ በሥራው የኖሩት ሰዎች ምን እንደሚያደርጉና ከምን እንደሚጠነቀቁ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።