ጥቁር አዝሙድ ከጎንደር ጓዳ እስከ ገዳሪፍ ገበያ

በዚህ እትም ይዘን የቀረብነው ታሪክ የአንዲት ትንሽ ጥቁር ፍሬ ታሪክ ነው። ገዳሪፍ ገበያ የገባ ሁሉ ያውቃታል። ሱዳኖች «ከሙን አስወድ» ወይም «ሐበት ሶዳ» ይሏታል፣ እኛ ደግሞ ጥቁር አዝሙድ። ዘይቷ በትናንሽ ጠርሙስ ይሸጣል። በካምፓችንም ከጉንፋን እስከ ስኳር በሽታ ለሁሉም መድኃኒት ናት ሲባል እንሰማለን። እኛም ብለናል። ለምን ዛሬ እንዳነሳነው መጨረሻ ላይ እንናገራለን።

በአገራችን ጥቁር አዝሙድ የማይገባበት ቤት የለም። በርበሬ ሲዘጋጅ ትጨመራለች፣ የድፎ ዳቦ ሊጥ ውስጥም ትገባለች። ጉንፋን የያዘውን ልጅ እናቱ ፍሬዋን አሽታ በጨርቅ ትቋጥርና «በል ሳበው» ትለዋለች። በባሌና በአርሲ በብዛት ትመረታለች፤ በጣና አካባቢ በደምቢያና በጣቁሳም እንዲሁ። ከዚያ አገር ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ መተማ ይደርሳል፤ ድንበሩን ሲሻገር ገላባት፣ ከዚያም ገዳሪፍ ነው። በዚህ መንገድ ቡናው፣ ማሩና ሰሙ ለብዙ ዘመን ወደ ሱዳን ወርዷል። አፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1889 የወደቁት እዚሁ መተማ ላይ ነው። ከመካከላችንም ብዙዎች የተሻገሩት በዚሁ በር ነው።

የፍሬዋ ዕድሜ ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ሃዋርድ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1922 ባገኘው የግብፁ ንጉሥ የቱታንካሙን መቃብር ውስጥ ጥቁር አዝሙድ ተገኝቷል፤ ንጉሡ ከሞተ 3300 ዓመት ያህል ሆኖታል። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 28 ገበሬው ጥቁር አዝሙድን በከባድ መሣሪያ ሳይሆን በበትር እንደሚወቃት ይጠቅሳል። በአንደኛው መቶ ዘመን የነበረው የግሪክ ሐኪም ዲዮስቆሪደስ ለራስ ምታት፣ ለጥርስ ሕመምና ለሆድ ትላትል ትሆናለች ብሎ ጻፈ፤ በብዛት ከተጠጣች ግን ትገድላለች እንደሚባልም አስጠነቀቀ። በእስልምናም ከሞት በቀር ለሁሉም ደዌ ፈውስ እንዳለባት የሚናገር ሐዲስ አለ፤ ቡኻሪ መዝግቦታል። ጎረቤቶቻችን ሱዳኖች የሚያከብሯት በዚህም ምክንያት ነው።

ታዲያ ውስጧ ያለው ምንድነው? እኛ የዩኒቨርሲቲ ትምህርታችን በመሀል የተቋረጠብን ኬሚስትሪ ስንማር ስለነበር ይህ ጥያቄ ደስ ይለናል። መልሱ የመጣው ከግብፅ ነው። ኤል ዳካክኒ የተባለ ግብፃዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1963 ከዘይቷ አንድ ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ፤ ስሙ ታይሞኩይኖን ይባላል። 10 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅንና 2 ኦክስጅን አለው። «ታይሞ» የሚለው ከጦስኝ ዘመዶች የላቲን ስም የመጣ ነው። በነጭ አዝሙድ ውስጥ በብዛት ያለው ታይሞልም የዚሁ ቤተሰብ ነው።

መጠኑን እንመልከት። ከ100 ግራም ፍሬ ከ30 እስከ 40 ግራም ቅባት ይገኛል። ሽታ ያለውና የሚተነው ዘይት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ግራም ተኩል አይበልጥም፤ ታይሞኩይኖን ደግሞ የዚያ ከፊሉ ብቻ ነው። ብርሃንና ሙቀትም ያበላሹታል። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ በቆመ ነጭ ጠርሙስ ውስጥ ስንቱ እንደሚተርፍ ማን ያውቃል?

በቤተ ሙከራ፣ በሴሎችና በአይጦች ላይ፣ ታይሞኩይኖን ብግነትን ሲቀንስና የካንሰር ሴሎችን ሲገድል ታይቷል። ነገር ግን ሳህን ላይ ያለ ሴል ሰው አይደለም። በሰው ላይ በተደረጉ አነስተኛ ጥናቶች የደም ስኳርን፣ የደም ግፊትንና ኮሌስትሮልን በመጠኑ የመቀነስ ምልክት ታይቷል። በብዙዎቹም ሕመምተኞቹ የታዘዘላቸውን መድኃኒት ሳያቋርጡ ነው ዘይቱን ወይም ፍሬውን የወሰዱት።

አሁን ወደ ጀመርነው እንመለስ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ይህንኑ ስም ሰሌዳ ላይ ጽፈን፣ በኩራት፣ «የእናቶቻችን መድኃኒት በሳይንስ ተረጋገጠ» አልን። ጥናቱ በማን ላይ እንደተደረገ፣ መጠኑ ስንት እንደሆነ አልተናገርንም። አንዲት ተማሪ ሰምታ ለእናቷ ነገረቻት። እናት ስኳር አለባት። ኪኒኑ ሆዷን ስለሚያሳምማት እሱን ትታ ዘይቱን ብቻ መጠጣት ጀመረች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ራሷን ስታ ጎረቤት ተሸክሞ ክሊኒክ አደረሳት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፋለች። ልጅቷ በማግስቱ መጥታ «ቲቸር፣ እርስዎ እኮ ተረጋገጠ ብለው ነበር» አለችን። ቁጣ አልነበረባትም፤ የገባት አይመስልም ነበር። መልስ አጣን።

ስለዚህ ትምህርቱን እንደገና አስተማርነው፤ ይህንንም ጽሑፍ ያወጣነው ለዚያ ነው። ጥቁር አዝሙድ በምግብ ውስጥ ጥሩ ናት፣ ብሉ። ዘይቱን እንደ መድኃኒት መውሰድ የፈለገ ግን ኪኒኑን አያቁም፣ ለሐኪሙም ይንገር። ከስኳር ኪኒን ጋር ሲወሰድ ስኳሩን ከመጠን በላይ ሊያወርደው ይችላል፣ ደም ከሚያቀጥን መድኃኒትም ጋር አይስማማም። ነፍሰ ጡሮች ከምግብ ያለፈ መጠን አይውሰዱ። ዲዮስቆሪደስ ከ1900 ዓመት በፊት ያስጠነቀቀውን እኛ ሰሌዳ ላይ ሳንጽፈው ቀርተን ነበር፤ አሁን ጽፈነዋል።