ሠረገላና ጋሪ

ወጣት አንባቢ ሆይ! ሠረገላ የሚባለውን ቃል ስትሰማ በልብህ የሚሣልብህ የንጉሥ ክብር ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ለበዓሉ የቀረበው በፈረሶች የሚሳብ ሠረገላ አስቀድሞ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት የዳግማዊ ቪልሄልም ነበረ። ዛሬ በአንዳንድ ከተሞቻችን ፈረስ የሚስበውን ግን ጋሪ እንለዋለን፤ ባለቤቱንም "ባለ ጋሪ" ስንል (ይቅር ይበለንና) ማቃለል አለበት።

እስቲ ኦሪት ዘፍጥረትን ተመልከት። ዮሴፍ በግብፅ በተሾመ ጊዜ በፈርዖን ሁለተኛ ሠረገላ ተቀመጠ፤ በፊቱም ዐዋጅ ተነገረ። ኋላ በረኃቡ ዘመን ሽማግሌ አባቱን፥ ሴቶችንና ሕፃናትን ከከነዓን ያመጡለት ዘንድ የላከው የጭነት መሣሪያም በአማርኛው መጽሐፍ ያው ሠረገላ ነው። ዕብራይስጡ ግን ለይቶ የፊተኛውን መርካባ፥ የኋለኛውን ዐገላ ይለዋል፤ ዐገላ ማለት እኛ ጋሪ የምንለው ነው። ተርጓሚዎቻችን ሁለቱን በአንድ ስም መጥራታቸውን እኔ እንደ ስሕተት አልቈጥረውም። ያዕቆብ ልጁ በሕይወት እንዳለ፥ በግብፅም ሁሉ ላይ እንደ ተሾመ በቃል ሲነግሩት አላመነም ነበር፤ ልቡ የታደሰው እነዚያን ጋሪዎች ከደጁ ቆመው ባየ ጊዜ ነው።