አሮጌውን ቃል የማይጠይቀው ትእዛዝ

በመጀመሪያ አንድ የማልኮራበትን ነገር ላውጋችሁ፤ ከዚያ ወደ ታሪኩ እንገባለን።

በ1991 ዓ.ም. በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ክፍል ይባል እንጂ እኔ፣ አንድ ሰርቨርና አንድ ቬንቲሌተር ነበርን። ከሰርቨሩ በተዘረጋ ገመድ አሥራ ሁለት ያህል ኮምፒዩተሮች ተያይዘዋል። የሂሳብ ክፍሉ ሹም በዕድሜ የገፉ፣ ዝምተኛና ጥንቁቅ ሰው ነበሩ። እሳቸው ታመው ፈቃድ ላይ ሳሉ አለቃዬ ጠሩኝና በሽማግሌው ስም የተያዘውን መዝገብ እንድከፍትላቸው አዘዙኝ።

«የይለፍ ቃላቸውን እኮ አላውቅም» አልኩ።

«እወቅ መች አልኩህ? ለውጠው!» አሉኝ።

ተቀመጥኩ። በጥቁሩ ስክሪን ላይ አንዲት አጭር ትእዛዝና የሽማግሌውን ስም ጻፍኩ። ኮምፒዩተሩ አዲሱን ቃል ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ድገመው አለኝ፤ ደገምኩት። በቃ፣ አለቀ። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። አሮጌውን ቃል ግን ጨርሶ አልጠየቀኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽማግሌው ተሽሏቸው መጡ። ቃላቸውን ቢጽፉ ኮምፒዩተሩ እምቢ አላቸው። ሦስት ጊዜ ሞከሩና መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ይኼ ዕቃ ረሳኝ እንዴ?» አሉኝ። «ምናልባት ረስተውት ይሆናል ጋሼ» አልኩና አዲስ ቃል አወጣሁላቸው።

ከዚያን ቀን ወዲህ የዚያች አጭር ትእዛዝ ነገር ሲከነክነኝ ኖሯል። ለመሆኑ ከየት መጣች? ባለቤቱን ሳትጠይቅ ቁልፍ የምትለውጥ ትእዛዝ ማን፣ ለምን ሠራት? ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

የይለፍ ቃል ራሱ ከኮምፒዩተር እጅግ የቀደመ ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው ሸሽቶ የመጣውን ሁሉ «ሺቦሌት» እንዲል ያዙት ነበር። የኤፍሬም ሰው አንደበቱ አልታዘዝ ብሎት «ሲቦሌት» ይላል፤ በዚያው ይታረዳል። እዚያ ላይ ቃሉ ሚስጥር አልነበረም፤ ሚስጥሩ ምላስ ነበር። ምላስን ደግሞ በአንድ ሌሊት መለወጥ አይቻልም። የዘበኛ የይለፍ ቃል ግን ዛሬ አንድ ነገር፣ ነገ ሌላ ነገር ይሆናል። ጠላት ቢሰማውም በማግሥቱ አይሠራለትም። የይለፍ ቃል ዋናው ብርታቱ መለወጥ መቻሉ ነው። እንግዲህ «ቃሉ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ «ለመለወጥ ሥልጣን ያለው ማነው?» ማለትም ያስፈልጋል።

ቃሉ ወደ ኮምፒዩተር የገባው በአሜሪካ፣ ኤም.አይ.ቲ. በሚባለው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ነው። በፈርናንዶ ኮርባቶ የሚመራ ቡድን በ1961 ሲ.ቲ.ኤስ.ኤስ. የተባለውን ሥርዓት ለዕይታ አቀረበ። ብዙ ሰዎች በየተርሚናላቸው ተቀምጠው አንድ ትልቅ ኮምፒዩተር እንዲጋሩ የሚያስችል ነበር። የጋራ ቤት ሲሆን ለየክፍሉ ቁልፍ ያስፈልጋልና ለእያንዳንዱ ሰው የይለፍ ቃል ተሰጠው። ቁልፎቹ ሁሉ ግን በአንድ ፋይል ውስጥ፣ እንዳሉ በግልጽ ተጽፈው ተቀመጡ።

የሆነውን መገመት አያዳግትም። በ1962 አለን ሼር የሚባል የዶክትሬት ተማሪ የተመደበለት የኮምፒዩተር ጊዜ አልበቃው አለ። ያ ፋይል እንዲታተም የሚጠይቅ ካርድ በስቶ አስገባ፤ ኮምፒዩተሩም ታዛዥ ነውና አተመለት። በሌሎች ስም እየገባ ሥራውን ቀጠለ፤ ነገሩን የተናዘዘው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በዚያው በ1960ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የባሰ መጣ። አንዱ ሠራተኛ የዕለቱን ማስታወቂያ፣ ሌላው የይለፍ ቃሉን ፋይል በአንድ ጊዜ ሲያርሙ በሶፍትዌሩ ስሕተት ሁለቱ ፋይሎች ቦታ ተለዋወጡ። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩን የከፈተ ሁሉ በ«እንደምን ዋላችሁ» ፈንታ የሁሉንም ሰው የይለፍ ቃል ተነበበለት። ኃላፊዎቹም የሰዉን ቃል አንድ በአንድ ሲለውጡ አመሹ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

መፍትሔው የመጣው በቤል ላብራቶሪ፣ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ከሠሩት ዩኒክስ ነው። ዩኒክስም ሲጀምር ቃላቱን በግልጽ ያስቀምጥ ነበር። በኋላ ግን ሮበርት ሞሪስና ቶምሰን ቃሉን የሚፈጭ ዘዴ አበጁ። ነገሩ እንደ ወፍጮ ነው፤ እህል ዱቄት ይሆናል፣ ዱቄት ግን ተመልሶ እህል አይሆንም። ኮምፒዩተሩ የሚያስቀምጠው ዱቄቱን ብቻ ነው። ሰውየው በመጣ ቁጥር ያመጣውን እህል ይፈጭና ሁለቱን ዱቄቶች ያስተያያል። ሁለት ሰዎች ሳያውቁ አንድ ዓይነት ቃል ቢመርጡ እንኳ ዱቄታቸው እንዳይመሳሰል ሲፈጭ የሚጨመር ነገር አለ፤ ስሙንም «ጨው» አሉት። 4,096 ዓይነት ጨው ነበር።

የሂሳብ ሹሙን ቃል የለወጥኩባት ትእዛዝ የዚህ የዩኒክስ ልጅ ናት። ስሟ «ፓስወርድ» ከሚለው ቃል መሐል ሁለት ፊደል ተውጦባት የቀረች ናት፤ በዚያን ጊዜ የጽሕፈት ተርሚናሎቹ ዝግተኞች ስለነበሩ የዩኒክስ ሰዎች ፊደል ይቆጥቡ ነበር። ተራ ተጠቃሚ ሲጽፋት በመጀመሪያ አሮጌውን ቃል ትጠይቀዋለች፤ ከዚያ አዲሱን ሁለት ጊዜ። የሚጻፈው በስክሪኑ ላይ አይታይም። ተራው ሰው የይለፍ ቃሉ ፋይል ላይ መጻፍ አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ ትእዛዟ ለዚያች ቅጽበት ብቻ የበላዩን ሥልጣን ተውሳ ትጽፍለታለች። ይህ የሥልጣን ውሰት የሪቺ ፈጠራ ነው፤ በ1979 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ተሰጥቶታል።

ያ የበላይ «ሩት» ይባላል፤ የመጽሐፍ ቅዱሷ ሩት አይደለችም፣ በእንግሊዝኛ ሥር ማለት ነው። ሩት ሲመጣ ትእዛዟ አሮጌውን ቃል አትጠይቅም። ምክንያቱ ክፋት አይደለም። ቃሉ ከተፈጨ በኋላ ማንም፣ ሩትም ቢሆን፣ ሊያነበው አይችልም። ባለቤቱ ከረሳው መውጫ የሚሆነው መለወጥ ብቻ ነው። እነሆ፣ የኃላፊው ሥልጣን ከማወቅ ወደ መለወጥ የተሸጋገረው በዚህ ነው። አለቃዬ «እወቅ መች አልኩህ?» ሲሉ ሳያውቁት የሃያ ዓመት ታሪክ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅልለውት ነበር።

ሞሪስና ቶምሰን በ1979 ባሳተሙት ጽሑፍ 3,289 የይለፍ ቃሎች መርምረው 2,831ዱ፣ ማለትም 86 በመቶው፣ በጣም አጭር ወይም በቀላሉ የሚገመቱ ሆነው እንዳገኟቸው ገለጡ። አሥራ አምስቱ አንዲት ፊደል ብቻ ነበሩ! ወፍጮው ቢበረታም እህሉ እፍኝ ከሆነ ምን ያደርጋል?

ኮምፒዩተሮች በገመድ ሲያያዙ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። አንዱ ኮምፒዩተር ላይ ቃልህን ብትለውጥ ሌሎቹ አሮጌውን ይዘው ይቀራሉ። ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኩባንያ በ1980ዎቹ አጋማሽ አንድ ማዕከላዊ መዝገብ አበጅቶ «ቢጫ ገጾች» አለው፤ የእንግሊዝ ቴሌኮም ስሙ በአገሬ የኔ ንግድ ምልክት ነው ስላለ በኋላ ኤን.አይ.ኤስ. ተባለ። አሁን አንድ ትእዛዝ ከየትም ሆነህ ስትሰጥ ለውጡ ዋናው ሰርቨር ደርሶ ለሁሉም ይዳረስ ጀመር። ምቾቱ ግን ዋጋ ነበረው። ያ ትእዛዝ አሮጌውን ቃል በገመዱ ላይ ሳይሸፍን ይልከዋል፤ የተፈጩትን ቃሎች በሙሉም ማንኛውም ተጠቃሚ አስቀድቶ መውሰድ ይችል ነበር። በ1983 አቴና የተባለ ፕሮጀክት የጀመሩት የኤም.አይ.ቲ. ሰዎች በበኩላቸው «ኬርቤሮስ»ን ሠሩ፤ በግሪኮች አፈ ታሪክ የሙታንን በር የሚጠብቀው ባለ ሦስት ራስ ውሻ ስም ነው። በዚህ ዘዴ ሰው ሲገባ ቃሉ ገመድ ላይ አይወጣም፤ ሰርቨሩ ለተወሰነ ሰዓት የሚያገለግል ቲኬት ይቆርጥለታል።

ኅዳር 2 ቀን 1988 የሮበርት ሞሪስ ልጅ፣ ሮበርት ታፓን ሞሪስ፣ ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም በኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። ያን ጊዜ በተገመተው መሠረት 6,000 ያህል ኮምፒዩተሮችን አጥለቀለቀ። ከመግቢያ ዘዴዎቹ አንዱ የሰውን የይለፍ ቃል መገመት ነበር፦ የሰውየውን የራሱን ስም፣ ስሙን ገልብጦ፣ ከዚያም 432 ቃሎች ካሉበት ዝርዝር። አባት ከዘጠኝ ዓመት በፊት የቆጠሩትን ድክመት ልጅ በተግባር አሳየ። የአባት ዕዳ ለልጅ ይባላል፤ ይኼኛው ግን የአባት ማስጠንቀቂያ ነበር። ልጁ በ1990 ተፈርዶበት የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት፣ 400 ሰዓት የሕዝብ አገልግሎትና 10,050 ዶላር መቀጫ ተወሰነበት።

ከዚያ በኋላ የተፈጩት ቃሎች ሩት ብቻ ወደሚያየው ፋይል እየተዛወሩ ሄዱ። መሥሪያ ቤቶችም ሠራተኛውን «በየሦስት ወሩ ለውጥ!» ማለት አበዙ። ሰው ሰው ነውና መጨረሻ ላይ ያለውን 1 ወደ 2 ይለውጥና ይቀመጣል። በ2010 የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቀድሞ ቃሎችን መርምረው፣ አሮጌውን ያወቀ ሰው ለ41 በመቶው አዲሱን በሦስት ሴኮንድ ውስጥ እንደሚያገኘው አሳዩ። በ2017 የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ኒስት ቃሉ እጅ ከፍንጅ ካልተሰረቀ በስተቀር በየጊዜው ለውጡ እያሉ ሰውን ማስገደድ እንዲቀር መከረ። በ2003 ያንን መመሪያ የጻፉት ቢል በር በዚያው ዓመት መጸጸታቸውን ተናገሩ።

እኔም ጸጸት አለብኝ፤ ወደ ሽማግሌው ልመለስ። ከዓመታት በኋላ አንድ ዘዴ ተማርኩ። ኃላፊው ቃሉን ከመለወጡ በፊት የተፈጨውን መስመር ቀድቶ ቢያስቀምጥ፣ ሥራውን ጨርሶ መስመሩን ወደ ቦታው መመለስ ይችላል። ባለቤቱ ሲመጣ ቃሉ እንደ ጥንቱ ይሠራለታል፤ ቤቱ ተከፍቶ እንደነበር ፈጽሞ አያውቅም። ያን ጊዜ ይህን ባለማወቄ ዛሬ ደስ ይለኛል። የኔ አለማወቅ ቢያንስ ምልክት ትቶላቸዋል። አንድ እጅ እንደገባ ኮምፒዩተሩ በእምቢታው ነግሯቸዋል። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።

እሳቸው ጡረታ እስኪወጡ አብረን ሠራን። ነገሩን አንሥተውት አያውቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። የሃያ ዓመት የሂሳብ ቁጥሮችን ዶሴ ሳይገልጡ በቃላቸው የሚጠሩ ሰው ነበሩ። ያን ቀን «ረስተውት ይሆናል» ስላቸው ዐይኔን ለአፍታ አየት አድርገው፣ «ይሆናል ልጄ» ብለው መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። አልረሱትም ነበር። ይህንን እሳቸውም እኔም እናውቅ ነበር።