የመጻሕፍትና የመታሰቢያቸው ዜና በምድረ ጎጃም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። በምድረ ጎጃም ስለ ነበሩ መጻሕፍት፣ መጽሐፍ ስላጻፉና ስላሳተሙ፣ በመጽሐፍም ስማቸው ስለ ታሰበ ሰዎች ይህን ዜና እንጽፋለን።

በቀደመው ዘመን፣ ቅኔ በጎንጅና በዋሸራ ሲዘረፍ፣ ከቆጋ ውኃ እስከ ቡሬ ባለው አገር መጽሐፍ ሁሉ በብራና ይጻፍ ነበር። ፋቂው የፍየሉን ቆዳ በእንጨት ላይ ወጥሮ ሥጋውንና ጠጉሩን ይፍቃል፤ በድንጋይ እያሸ ያለሰልሳል። ጸሐፊውም በወስፌ ወግቶ መስመር ያሰምራል፤ ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለም በመቃ ብርዕ ይጽፋል፤ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም ግን በቀይ ያደምቃል። ሲፈጸም በእንጨት ገበታ ይጠረዛል፤ ቆዳ ለብሶም ማኅደር ይገባል። አንድ መጽሐፍ የብዙ ፍየል ቆዳና የብዙ ወር ድካም ስለሚፈጅ፣ የሚያጽፍ ባለጸጋ ከሌለ አይጻፍም ነበር።

ስለዚህ ሰው ወላጁ ሲሞትበት፣ ወይም እርሱ ራሱ ዕድሜው ሲገፋ፣ መጽሐፍ አጽፎ ለደብሩ ይሰጣል። በመጽሐፉም መጨረሻ ያጻፈውና የጻፈው ስም ይሰፍራል፤ አንባቢው በጸሎት እንዲያስባቸው ይለመናል፤ መጽሐፉን የሰረቀ ወይም ስሙን የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ይወገዛል። የአጻፊው ገንዘብ ለፋቂና ለጸሐፊ ቀለብ ሆነ፤ ለተማሪ ንባብ ሆነ፤ ለሟችም መታሰቢያ ሆነ።

ማተሚያም በተነሣ ጊዜ፣ በ1505 ዓመተ ምሕረት ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ዳዊትን በሮም በግዕዝ አሳተመ፤ ፊደላችን በማተሚያ የታየው ያን ጊዜ ነው። ከዚህም በኋላ የደብረ ሊባኖሱ መነኵሴ አባ ተስፋ ጽዮን፣ የሮማው ጳጳስ ጳውሎስ ሦስተኛ እየረዷቸው፣ በዚያው ከተማ ሐዲስ ኪዳንን እስከ 1541 ዓመተ ምሕረት አሳተሙ። አታሚዎቹ ግዕዝ ማንበብ አያውቁም፣ እኛም ማተም አናውቅምና ስሕተቱን ይቅር በሉን ብለው አንባቢን ለመኑ።

በ1873 ዓመተ ምሕረት ራስ አዳል ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው በጎጃም ነገሡ። በዘመናቸውም ሠዓሊውና ታሪክ ጸሐፊው አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ተነሡ፤ የጎጃምንም ትውልድና ታሪክ ጻፉ። ሥራቸው ግን ለብዙ ዘመን በእጅ ጽሑፍ ኖረ፤ በማተሚያ ወጥቶ የተነበበው በእኛ ዘመን ነው።

በ1914 ዓመተ ምሕረት አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን በገዛ ገንዘባቸው በአዲስ አበባ ማተሚያ ቤት አቆሙ። በዚያም የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ግዕዙ ከአማርኛው ጋር ጎን ለጎን ታተሙ፤ ታኅሣሥ 23 ቀን 1917 ዓመተ ምሕረትም ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ወጣ። ባለጸጋው ለአንድ ደብር አንድ መጽሐፍ ያጽፍ የነበረውን፣ ማተሚያው ለብዙ አድባራት የሚበቃ አደረገው።

ጠላት ኢጣልያም አገር በያዘ ጊዜ፣ በሐምሌ 1932 ዓመተ ምሕረት ቀድሞ ራስ ተፈሪ የተባሉት ጃንሆይ ያወጡት አዋጅ የአንበሳ ማኅተም ታትሞበት ከአውሮፕላን ተበተነ። በካርቱምም ጆርጅ ስቲር የተባለ እንግሊዛዊ የሚመራው የፕሮፓጋንዳ ክፍል ባንዲራችን የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ እያተመ ለአርበኞች ይልክ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1933 ዓመተ ምሕረት ጠላት ቡሬን ለቆ ሄደ።

ከዚህም በኋላ በደብረ ኤልያስ ቅኔ የተማሩት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓመተ ምሕረት ፍቅር እስከ መቃብርን አሳተሙ፤ አገሩም ሁሉ አነበበው። በ1996 ዓመተ ምሕረት አረፉ፤ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም በስማቸው የባህል ጥናት ተቋም ቆመ።

እንግዲህ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በገጠሩ ያላችሁ ሁሉ ይህን አስተውሉ። ለወላጆቻችሁ ተዝካር ስታወጡ፣ ከድግሱ ወጪ ጥቂቱን ለመጽሐፍ መታሰቢያ ለዩ፤ ማኅበራችሁም ገንዘቡን በአደራ ይያዝ። ግማሹ ብራና ለሚፍቅና ለሚጽፍ ወጣት ቀለብ ይሁን፤ ግማሹም የአገራችሁን ያልታተመ ታሪክ ያሳትም። አባቶቻችን ያለ አጻፊ መጽሐፍ እንደማይኖር አውቀው ከገንዘባቸው ከፈሉ፤ እኛ ያነበብነው እነርሱ የከፈሉበትን ነው። ከእኛ በኋላ የሚመጣውም የሚያነበው እኛ የከፈልንበትን ነው።