የዶጋሊን ውጊያ በ250 ቃል መጻፍ



ለአንድ የወታደራዊ ታሪክ ኢንሳይክሎፒዲያ ስለ ዶጋሊ ውጊያ አጭር ሐተታ እንድጽፍ ከተጠየቅሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። የተሰጠኝ ቦታ 250 ቃል ነበር። በአንድ ሳምንት ጽፌ ላክሁ፤ ታተመም። ባለፈው ዓመት ለሁለተኛው ዕትም እንዳርመው ሲመልሱልኝ ግን ሦስት ወር ወሰደብኝ። ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ሦስት ወር ነው።

የውጊያው ፍሬ ነገር አያከራክርም። ራስ አሉላ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 1887 በሰሓጢ የሠፈረውን የጣልያን ጦር አጠቁ፤ ምሽጉ ግን አልተበገረም። በማግስቱ ከምጽዋ በኩል ለሰሓጢ እርዳታ ይዞ የመጣውን፣ በሌተናል ኮሎኔል ቶማዞ ዴ ክሪስቶፎሪስ የሚመራ 500 ያህል ሰው ያለበትን ጦር ዶጋሊ ላይ ከበው ደመሰሱት።

በመጀመሪያው ዕትም ይህን «ደፈጣ» ብዬዋለሁ። ቃሉን ከየት እንዳገኘሁት ስፈልግ ከአንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሆኖ ተገኘ። የእርሱ የግርጌ ማስታወሻ ወደ ሌላ መጽሐፍ፣ ያም በተራው ወደ ጣልያን ወታደራዊ ዘገባ ይመራል። ሦስት ምስክር አለኝ ብዬ የተማመንሁት አንዱ ምስክር ሦስት ጊዜ ሲናገር ሰምቼ ኖሯል። በጣልያንኛ ደግሞ ውጊያው «ኤቺዲዮ»፣ ማለትም እልቂት፣ እየተባለ ሲጠራ ኖሯል። ሆኖም የዴ ክሪስቶፎሪስ ሰዎች ኮረብታ ላይ ቦታ ይዘው ለሰዓታት ተዋግተዋል፤ የተሸነፉትም ጥይታቸው ካለቀ በኋላ ነው። «ደፈጣ» መጀመሪያውን ብቻ፣ «እልቂት» መጨረሻውን ብቻ ይገልጻል። ሁለቱም ቃላት በመካከል ያለውን ውጊያ ይሰውራሉ፤ ከውጊያው ጋር ድሉም ይሰወራል። «ውጊያ» ብዬ አረምሁት።

ቁጥሩም እንዲሁ ነው። ሮም ውስጥ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ተብሎ በዶጋሊ ሙታን ስም ተሰይሟል። እኔም «500 ሞቱ» ብዬ ነበር። ነገር ግን 500 የዘመተው ጦር ግምት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው የሟቾች ቁጥር 430 ገደማ ሲሆን 80 ያህል ቁስለኞች ተርፈዋል። የአደባባይ ስም ለሐዘን እንጂ ለቆጠራ አይወጣም፤ ይህን መለየት የእኔ ሥራ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀኝ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ነው። «ራስ አሉላ ጥቃት ሰነዘሩ» ብሎ የሚጀምር ሐተታ ሐሰት የለበትም፤ ነገር ግን ጠቡን ከጃንዋሪ 25 ያስጀምረዋል። ዐፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1884 ዓድዋ ላይ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር የተፈራረሙት ውል በምጽዋ በኩል ነጻ የንግድ መተላለፊያ ይሰጣቸው ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ በፌብሩዋሪ 1885፣ ጣልያን ምጽዋን ያዘች፤ ከዚያም ወደ መሐል አገር ገፋች። ራስ አሉላም ከመዋጋታቸው አስቀድሞ ጣልያኖች ከያዟቸው አንዳንድ ሥፍራዎች እንዲለቁ በደብዳቤ ጠይቀዋል። ይህን ለማስገባት አርባ ያህል ቃል አስፈለገኝ። አርባ ቃል ለማግኘት ስል ራሴ የጨመርኋቸውን «ጀግናው» እና «አኩሪ» የሚሉ ቃላት አወጣሁ። አንዳንድ ባልደረቦቼ በዚህ ቅር ተሰኝተውብኛል፤ እኔም ሳወጣቸው እጄ አልቀለለኝም።

የቀረው ቀኑ ነው። «ጥር 18 ቀን 1879 ዓ.ም.» ብዬ ጽፌ ነበር፤ የዛሬውን የቀን መቁጠሪያ አይቼ። ዛሬ ጃንዋሪ 26 በርግጥ ጥር 18 ላይ ይውላል። ነገር ግን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር 1900 ሠግር ዓመት አልነበረም፤ በእኛ አቆጣጠር ግን የአራት ዓመቱ ዙር ሳይቋረጥ ቀጠለ። በዚህ ምክንያት ከዚያ በፊት የነበረው ልዩነት በአንድ ቀን ያንሳል። ዓድዋን አስታውሱ፦ ውጊያው የተደረገው ማርች 1 ቀን 1896 ነበር፤ የካቲት 23ን ግን ዛሬ የምናከብረው ማርች 2 ቀን ነው። በዚሁ ስሌት ዶጋሊ ጥር 19 ይሆናል።

ባለፈው ሰኔ የአንድ ተማሪ የማስተርስ ጽሑፍ ፈታኝ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። ገጽ 41 ላይ «ጥር 18» የሚል አገኘሁና በቀይ አሰመርሁበት። ምንጩን ለማየት ወደ ግርጌ ማስታወሻው ስወርድ የራሴን ስም አነበብሁ።