የኑኩፌታው ወንበር

ዛሬ የምተርክላችሁ የቱቫሉን ነገር ነው። በፓስፊክ ውቅያኖስ የተበተኑ ዘጠኝ ደሴቶች ናቸው፤ መሬታቸው ተደምሮ 26 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ። የፖለቲካ ፓርቲ አያውቁም። ይህ ታሪክ ሲፈጸም ፓርላማቸው 15 ወንበር ነበረው፤ ስምንቱን ያሰባሰበ ይገዛ ነበር።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ማብቂያ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሎቶአላ ሜቲያ አረፉ። የተመረጡት ከኑኩፌታው ነበር። ኑኩፌታው ከዘጠኙ አንዷ ስትሆን የባሕር ሐይቅ የከበቡ ትንንሽ ደሴቶች ስብስብ ናት፤ ጥቂት መቶ የሚሆነው ሕዝቧ የሚኖረው ሳቫቬ በምትባለው ላይ ነው። አውሮፕላን አያርፍባትም፤ ከዋና ከተማው ከፉናፉቲ የሚሄድ ሁሉ መርከብ ይጠብቃል። እንግዲህ ሜቲያ ሲሞቱ ፓርላማው ሰባት ለሰባት ሆነ።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊሊ ቴላቪ የማሟያ ምርጫ መጥራት ሲገባቸው ዝም አሉ። ወር በወር ላይ ተደረበ። ነገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰና፣ ምርጫው ይጠራ ተብሎ ታዘዘ። ጁን 28 ቀን 2013 ኑኩፌታው ድምፅ ሰጠች፤ ኤሊሳላ ፒታም አሸንፈው ከተቃዋሚዎቹ ጎን ቆሙ። ስምንት ለሰባት!

አለቀ ስትሉ ነገሩ ገና ተጀመረ። ቴላቪ፣ «ሕገ መንግሥቱ ፓርላማ በዓመት አንዴ ይሰብሰብ ነው የሚለው» ብለው እስከ ዲሴምበር አልጠራም አሉ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ያ ሁሉ ወር ያለ ተወካይ የከረመ ሕዝብ፣ መርጦ የላከው ሰው ደግሞ ደጅ ይጥና?

የቱቫሉ ርዕሰ ብሔር ንግሥት ኤልሳቤጥ ነበሩና፣ የእርሳቸው እንደራሴ ጠቅላይ ገዢው ሰር ያኮባ ኢታሌሊ ፓርላማው ጁላይ 30 እንዲሰበሰብ አዘዙ። በዚያው ሰሞን የጤና ሚኒስትሩ ታኦም ታኑካሌ ወንበራቸውን ለቀቁ። የመንግሥት ወገን ይህን ይዞ፣ መጀመሪያ የእርሳቸው ደሴት ኑኢ ምርጫ ታካሂድ አለ፤ አፈ ጉባኤውም ተቃዋሚዎቹ የፈለጉትን የመተማመኛ ድምፅ ከለከሉ። ልብ በሉ፣ የማሟያ ምርጫ ሲሸሹ የከረሙ ሰዎች አሁን ምርጫን መሸሸጊያ አደረጉት!

ኢታሌሊ አልታገሡም፤ ኦገስት 1 ቀን ቴላቪን ከሥልጣን አነሱ። ከሦስት ቀን በኋላ ፓርላማው ኤኔሌ ሶፖአጋን ስምንት ለአምስት በሆነ ድምፅ ጠቅላይ ሚኒስትር አድርጎ መረጠ። ሴፕቴምበር 10 ቀን ደግሞ የኑኢ ሰዎች ተራቸው ደረሰና ለማሟያ ምርጫቸው ወጡ።