ለሰንጠረዥ ጨዋታ የኮምፒውተር ቋንቋ ስለ መምረጥ

ዕቃ ለሥራው፥ ቋንቋም ለነገሩ ይመረጣል። ለዚህ ማስረጃ ለመፈለግ ከቤተ ልሔም ጋይንት መራቅ አያሻንም። የድጓ ዜማ በፊደል ብቻ ሊጻፍ ስላልተቻለ፥ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ይዘት፥ ደረት፥ ድፋት፥ ሪክሪክ የመሳሰሉትን ምልክቶች እንደ ደነገጉ ይተረካል። የቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤትም እነዚህን ምልክቶች ጠብቆ ያስተምራል።

እኛም ሰንጠረዥን የሚጫወት ፕሮግራም ለመጻፍ አስበን፥ በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ በማለት ተከራክረናል። ስለዚህ ቀድመውን የሄዱትን ሰዎች ታሪክ መረመርን። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።)

ጀርመናዊው ኮንራድ ዙዘ ከ1942 እስከ 1945 ባለው ጊዜ ፕላንካልኩል የተባለውን ቋንቋ ሲያዘጋጅ፥ ለመሞከሪያ የቼዝን ሕግ ጻፈበት። እንግሊዛዊው አለን ቱሪንግ ግን የሚያጫውት ኮምፒውተር ስላላገኘ፥ በ1952 የፕሮግራሙን ትእዛዝ በወረቀት ላይ እያሰላ ራሱ እንደ መኪና ሆኖ ተጫወተ። በ1956 በሎስ አላሞስ ማኒያክ የተባለው ኮምፒውተር የተጫወተው 6 በ6 በሆነ ገበታ ነበር፤ ኃይሉ ለሙሉው ገበታ አልበቃምና። በ1967 ሪቻርድ ግሪንብላት ማክ ሃክን የጻፈው በመኪናው የገዛ ቋንቋ፥ ማለት በአሴምብሊ ነው፤ ፍጥነት ይፈለግ ነበርና። በ1972 ሲ የተባለው ቋንቋ ከወጣ በኋላ ፍጥነትንና ለሰው መነበብን ማስታረቅ ተቻለ። በ1997 ጋሪ ካስፓሮቭን ያሸነፈው ዲፕ ብሉ በሴኮንድ 200 ሚሊዮን ያህል አቀማመጥ ይመረምር ነበር። ዛሬ ስቶክፊሽ የሚጻፈው በሲ ፕላስ ፕላስ ነው።

ከዚህ ታሪክ ፍጥነት ብቻ የሚያስፈልግ ይመስላል። የእኛ ሰንጠረዥ ግን ሌላ ጥያቄ ያመጣል። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደ ነበር ተጽፏል፤ ዋልተር ፕላውደንም በ1868 በታተመው መጽሐፉ ስለ ጨዋታው ተርኳል። ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ በ1971 ታሪኩንና ሥርዓቱን በሰፊው አሳተመ። የጨዋታው መክፈቻ ወረራ ይባላል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፥ እያንዳንዱ እንደ ፈጠነ ጦሩን ያሰልፋል።

የቼዝ ፕሮግራሞች ሁሉ ግን «እኔ፥ ከዚያም አንተ» በሚለው ተራ ላይ የቆሙ ናቸው። ወረራ ይህን መሠረት ያፈርሳል። እንግዲህ የፈጠነ ቋንቋ ብንመርጥ እንኳ፥ ሕጉን በትክክል ሳንጽፍ ብንቀር፥ በፍጥነት የምንጫወተው ሌላ ጨዋታ ይሆናል።

በዚህ ምክንያት በ1991 የወጣውን ፓይዘንን መረጥን። ቀርፋፋ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በቀላሉ ይነበባል፥ አንዱ ተማሪ የጻፈውን ሌላው ያርመዋል። ፍጥነት ሲያስፈልግ፥ የሚዘገየው ክፍል ብቻ ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ ይዛወራል።

ዛሬ ሰንጠረዥን የሚያውቁ ሰዎች እጅግ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ወላጆችና መምህራን ከአያቶች የሰማችሁት ሥርዓት ቢኖር ንገሩን፤ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተማሪዎችም ጻፉት። ዜማው በምልክት እንደ ተጠበቀ፥ ጨዋታውም በትክክል ከተጻፈ ለሚመጣው ትውልድ ይተርፋል።